ልጆቼን ያስመዘገብኩበት የዋና ኮርስ፦ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ደግሜ እከፍልበታለሁ

መልሱን ቶሎ ለሚፈልግ ሰው፦ አዎ፣ አስመዝግቡ። ቅሬታ አለኝ፣ አንዳንዱም ቀላል አይደለም፣ ከታች እዘረግፈዋለሁ። ግን አንድ ትንሽ ልጅ ሳያስበው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ምን ማድረግ እንዳለበት በደንብ ያስተምራሉ፣ እኔም የምከፍለው ለዚያ ነው። ልጃችሁ በአጭር ጊዜ ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጥ ቪዲዮ ለመቅረጽ ከቸኮላችሁ ይህ ኮርስ ያናድዳችኋል።

ያስገባሁት ሁለት ልጆች ነው። ትልቋ አምስት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ሦስት ተኩል። ትምህርቱ በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ ከሦስት ዓመት ጀምሮ ልጆቹ ብቻቸውን ከአሰልጣኝ ጋር ይገባሉ፣ ከዚያ በታች ያሉት ከእናት ወይም ከአባት ጋር ነው የሚገቡት። አንዱ ትምህርት 30 ደቂቃ ነው። ሲሰሙት አጭር ይመስላል፣ ግን በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከዚያ በላይ ሲቆይ ይበርደዋል፣ ይደክመዋል፣ ከዚያ የሚነገረውን መስማት ያቆማል። ለሦስት ዓመት ልጅ ሙሉ ሰዓት እናስተምራለን የሚል ቦታ ካጋጠማችሁ በጥርጣሬ እዩት።

በጣም የወደድኩት ቅደም ተከተላቸውን ነው። እጅ ማወናጨፍ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ትንፋሽ። ልጁ አገጩን ውሃው ላይ አስደግፎ "ኡፍፍፍ" እያለ አረፋ ያወጣል። ቀጥሎ አፉን ያጠልቅና "ምምምም" እያለ ያንጎራጉራል። ማንጎራጎሩ ለጨዋታ ብቻ አይደለም፤ በአፍንጫ አየር እየወጣ ሳለ ውሃ አይገባም፣ ልጁም ይህን ሳያውቀው ይማረዋል። ከዚያ ሙሉ ፊት፣ ከዚያ በጀርባ መንሳፈፍ፣ ከዚያ በሆድ፣ ከዚያ ግድግዳ ገፍቶ ተዘርግቶ መንሸራተት፣ ከዚያ እግር መምታት። እጅ ገና አልመጣም። ከጎኔ የተቀመጠ አንድ አባት "እኛ እኮ ዋና ብለን ነው የከፈልነው" ሲል ሰምቼዋለሁ። ይገባኛል፣ ከውጭ ሆኖ ሲታይ ውሃ ውስጥ የሚያንጎራጉሩ ልጆች ናቸው። ግን ውሃ ውስጥ አየር ማስወጣት ያልቻለ ልጅ እጁን ስላወናጨፈ የትም አይደርስም፣ ትንፋሹን ይዞ ሁለት ሦስት ሜትር ሄዶ ይንፈራገጣል።

በጀርባ መንሳፈፍ ላይ ብዙ ጊዜ ያጠፋሉ፣ ደግ አደረጉ። በጀርባው የተንሳፈፈ ልጅ አፍና አፍንጫው ከውሃ ውጭ ነው፣ ስለዚህ መተንፈስም መጣራትም ይችላል። ችግሩ ልጆች ይጠሉታል። ጆሯቸው ውስጥ ውሃ ሲገባ ድምፅ ይጠፋል፣ ከላይ ጣሪያ ብቻ ይታያቸዋል፣ የሚይዙት ነገር የለም። ትንሹ ልጄ አሰልጣኟ አንገት ላይ ሙጭጭ ብሎ አልለቅም አለ። እሷ አልታገለችውም። ጭንቅላቱን ትከሻዋ ላይ አስተኝታ፣ ጉንጯን ጉንጩ ላይ አድርጋ፣ እየዘፈነችለት ወደ ኋላ ትራመዳለች። ሌላ ቀን አንድ እጇን ታነሳለች። ሌላ ቀን ሁለት ጣት ብቻ ከወገቡ ስር ትተዋለች። የትንሽ ልጅ ጭንቅላት ለሰውነቱ ከባድ ነው፤ ለማየት ቀና ሲል ወዲያው ወገቡ ይታጠፋል፣ እግሩ ይሰጥማል። ስለዚህ ደጋግማ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ "ጆሮ ውሃ ውስጥ፣ እምብርት ወደ ላይ።" አሁን ቤት ውስጥ አልጋው ላይ ተንጋሎ ለራሱ ይለዋል።

ከሁሉም በላይ ግን ልቤን የገዛው "ዙርና ያዝ" የሚሉት ልምምድ ነው። ልጁ ከገንዳው ጠርዝ ይዘላል፣ ይጠልቃል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ፊት ሳይሆን ዞሮ ወደ መጣበት ግድግዳ ይመለስና ይይዛል። ትንሽ ልጅ ውሃ ውስጥ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ከዳር ወድቆ ነው፣ የሚይዘው ነገር ያለው ከጀርባው ነው፣ እሱ ግን ፊቱ ወደ ዞረበት ወደ ጥልቁ ይታገላል። ከያዘ በኋላ ደግሞ መውጣት አለ፦ ክርን፣ ክርን፣ ሆድ፣ ጉልበት። መሰላል የለም፣ አንስቶ የሚያወጣ አዋቂ የለም። በየትምህርቱ መጨረሻ ማንም ልጅ ራሱ ሳይወጣ አይሄድም፣ የቸኮለ ወላጅ ቢኖርም ይጠብቃል። እኔ ቸኩዬም ቢሆን ይህን ብጠብቅ አይከፋኝም።

በየደረጃው መጨረሻ ላይ ደግሞ ልብስ ለብሰው የሚገቡበት ቀን አለ። ፒጃማ፣ ቀለል ያለ ሱሪ፣ የፈለጋችሁትን። ትልቋ ልጄ በዋና ልብስ ጎበዝ ናት፣ በፒጃማ ግን እጅጌዋ ውሃ ጠጥቶ ሲከብዳት ፊቷ ተለወጠ። አሰልጣኟ ወዲያው በጀርባዋ እንድትገለበጥ ነገረቻት፣ ተገለበጠች፣ አረፈች፣ ወደ ግድግዳው እግሯን እየመታች ሄደች። ማንም ልጅ የዋና ልብስ ለብሶ በድንገት አይወድቅም። ይህን ቀን የማያስተምር ኮርስ የጎደለው ነገር አለ ብዬ አምናለሁ።

የአሜሪካ ቀይ መስቀል አንድ ሰው ውሃ ላይ ብቁ ነው ለማለት የሚያያቸው አምስት ነገሮች አሉት፦ ከቁመቱ በላይ ወደሆነ ውሃ ገብቶ ወደ ላይ መመለስ፣ አንድ ደቂቃ መንሳፈፍ ወይም ባለበት እየቀዘፈ መቆየት፣ ዞሮ መውጫውን ማግኘት፣ 25 ያርድ፣ ማለትም 23 ሜትር ገደማ ወደ መውጫው መሄድ፣ ያለ መሰላል መውጣት። የዋናው ስልት ማማር እዚህ ውስጥ የለም። ይህን ኮርስ ከዚህ ጋር ሳስተያየው አምስቱንም ይነካል፣ ርቀቱ ብቻ ለከፍተኛው ደረጃ ልጆች ነው። ለሦስት ዓመት ተኩል ልጅ 23 ሜትር ማን ይጠብቃል!

ክንድ ላይ የሚነፋውን ፕላስቲክ አያስገቡም። በሩ ላይ ነው የሚያስቀሩት። አንዳንድ ወላጅ ይጨቃጨቃል፣ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ ከእነሱ ጋር ነኝ። ያ ነገር ልጁን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፣ እግሩ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ አካሉም ውሃ ውስጥ የምንሆነው እንዲህ ነው ብሎ ይለምዳል። ለመስጠም የሚመቸው አቋም ደግሞ ያው ቀጥ ብሎ መቆም ነው። ይባስ ብሎ ልጁ ራሱን ዋናተኛ አድርጎ ያያል፣ አንድ ቀን ሳይነፋለት ሮጦ ይገባል። ሊተነፍስም፣ ሊወልቅም ይችላል። እነሱ የሚጠቀሙት ለእግር መምቻ የሚሆነውን ሰሌዳ ነው፣ እሱንም ለጥቂት ደቂቃ ሰጥተው ይወስዱታል። ጀልባ ላይ ለመውጣት የሚለበሰው ትክክለኛ የነፍስ አድን ጃኬት ሌላ ነገር ነው፣ ከመጫወቻው ጋር አታምታቱት።

መነጽሩንም እንደዚሁ። ይፈቅዳሉ፣ ግን በየትምህርቱ የተወሰነ ክፍል ያለ መነጽር ነው። ልጆቹ ያማርራሉ። ይልመዱት፣ ምን ያደርጋል።

ውሃው። ትንንሾቹ የሚማሩበት ገንዳ ሞቅ ያለ ነው፣ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ሁልጊዜ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። ይህ ቅንጦት አይደለም። ለውድድር የሚሠሩ ገንዳዎች ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ይደረጋሉ፣ ምክንያቱም እዚያ ያለው ሰው እየተጋ ሰውነቱን ያሞቃል። ትንሽ ልጅ ግን ከክብደቱ አንፃር ሲታይ ለውሃ የተጋለጠ ቆዳው ብዙ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፣ ተራውን ሲጠብቅ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ከንፈሩ ከጠቆረና ጥርሱ ከተንቀጫቀጨ የዚያን ቀን ትምህርት አብቅቷል፣ ከዚያ በኋላ ምንም ነገር ጭንቅላቱ አይገባም። ቅሬታዬ እዚህ ጋ ይጀምራል፦ ትልቋ ደረጃ ስታልፍ ወደ ትልቁ ገንዳ ተዛወረች፣ እዚያ ያለው ውሃ ግልጽ በሆነ መልኩ ይቀዘቅዛል፣ ማንም ቀድሞ አልነገረንም። የመጀመሪያውን ቀን እየተንቀጠቀጠች ወጣች። ስስ የዋና ጃኬት ገዝተን ተሻለ፣ ግን አንድ መስመር መልእክት መላክ ያቅታል?

ሽታውን በተመለከተ ወላጆች ሲያወሩ ስለምሰማ ልናገር። "ክሎሪኑ ይሸታል፣ ጥሩ ያጸዳሉ ማለት ነው" ይላሉ። ተገላቢጦሹ ነው። ያ ዓይን የሚያቃጥል ኃይለኛ ሽታ የሚመጣው ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሃድ ነው። በደንብ የተያዘ ገንዳ ብዙም አይሸትም። እዚህ በሥራ ቀናት አይሸትም፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ይሸታል፣ ምክንያቱም ሰው ይበዛል፣ ሻወር ሳይወስድ የሚገባውም ያው ቅዳሜ የሚመጣው ነው። "ከመግባትዎ በፊት ይታጠቡ" የሚል ማስታወቂያ ለጥፈዋል፣ የሚቆጣጠር ግን የለም። እባካችሁ ልጆቻችሁን አሳጥቡ፣ ሽንት ቤትም ውሰዷቸው። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ደግሞ ገንዳ ይቅርበት፣ የዋና ዳይፐር ቢያደርግም ይቅርበት፤ ዳይፐሩ የሚይዘው የሚታየውን ነገር ብቻ ነው፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተህዋስ ደግሞ በትክክል ክሎሪን በተደረገበት ውሃ ውስጥ እንኳ ከሳምንት በላይ ይቆያል።

አሁን ወደ ንዴቱ።

አንደኛ፣ የአሰልጣኝ መቀያየር። የትንሹ አሰልጣኝ ያቺ ትዕግሥተኛዋ ነበረች፣ አመናት፣ ከዚያ አንድ ቀን ስንመጣ ሌላ ሰው ቆሟል። አዲሱ አሰልጣኝ መጥፎ አይደለም፣ ግን ልጁ ግድግዳውን ይዞ ቀረ፣ ፊቱን ማስገባት እንኳ ተወ። ሦስት ዓመት ተኩል የሆነው ልጅ የሚያምነው ውሃውን ሳይሆን ሰውዬውን ነው። ሠራተኛ ይለቃል፣ ይታመማል፣ ይገባኛል። ግን ቢያንስ ሁለቱ አንድ ቀን አብረው ገብተው ቢያስተዋውቁት ምን ነበር?

ሁለተኛ፣ ወረፋው። ሲመዘገቡ በአንድ አሰልጣኝ አራት ልጅ ይሉና አንዳንድ ቀን ስድስት ይሆናሉ፣ ያመለጣቸውን ትምህርት የሚያካክሱ ልጆች ስለሚጨመሩ። አራት ሲሆኑ ልጁ ብዙ ጊዜ ይሞክራል። ስድስት ሲሆኑ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እግሩን እያንቦጫረቀ ሌሎቹን ያያል፣ እየበረደው። ለደኅንነትም ጥሩ አይደለም፣ አሰልጣኟ አንዱን በጀርባው ይዛ አምስቱን በዓይኗ መጠበቅ አለባት። እርግጥ ከላይ የሚጠብቅ፣ ስልክ የማይነካ፣ ሌላ ሥራ የሌለው ነፍስ አድን ሁልጊዜ አለ፤ ይህን አረጋግጫለሁ፣ ባይኖር ኖሮ ያንኑ ቀን ልጆቼን ይዤ እወጣ ነበር።

ሦስተኛ፣ ለወላጅ የሚሰጡት መረጃ ከምንም አይቆጠርም። ደረጃውን ሲያልፍ ወረቀት ይሰጡታል፣ ቀለም ያለው፣ ልጁ ይደሰታል። ግን ምን ቻለ፣ ምን ቀረው፣ ቤት ውስጥ ምን እንለማመድ የሚል ነገር የለም። ጠይቄ ጠይቄ ነው "በገላ መታጠቢያ ውስጥ ጆሮውን ውሃ ያስለምዱት" የሚል ምክር ያገኘሁት። እንዲህ ያለ ምክር ለምን በወረቀት አይሰጥም?

ወላጆች የምንቀመጠው ከመስታወት ጀርባ ነው፣ አንዳንዶች በዚህ ይቆጣሉ። እኔ ይህንን እደግፋለሁ። መስታወቱ ባይኖር ኖሮ ግማሾቻችን "እግርህን ምታ! ቀና በል!" እያልን አሰልጣኝ እንሆን ነበር። የሚያለቅስ ልጅ እናቱን ካየ ደግሞ ማልቀሱን አይተውም። ሆኖም መስታወቱ መኖሩ ዓይን ለመንቀል ሰበብ አይሁን።

ጎበዝ አሰልጣኝን ከአስመሳዩ የምትለዩበት አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሌላ ቦታ ብትሄዱም ይጠቅማችኋል። የፈራን ልጅ ምን ያደርገዋል? እዚህ ማንም ልጅ በግድ አይጠልቅም። ልጁ አልፈልግም ካለ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በእግሩ ይጫወታል፣ ቀስ በቀስ ይጠጋል። "አንዴ ብትነክረው ይለቀዋል" የሚሉ አሰልጣኞች አሉ። ልጁ ለጊዜው ዝም ይላል፣ መፍራቱን ግን አልተወም፣ ተስፋ ቆርጦ ነው ዝም ያለው። የሙከራ ትምህርት ጠይቁና ቁጭ ብላችሁ የሚያለቅሰውን ልጅ ብቻ ተመልከቱ፣ ጎበዙን ተዉት።

ስለ ጨቅላዎቹ ክፍልም ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ገንዳው ከስድስት ወር ጀምሮ ይቀበላል፣ ሙዚቃ አለው፣ ደስ ይላል፣ ከሕፃናችሁ ጋር ለመጫወት ከፈለጋችሁ ግቡ። ከመስጠም ያድነዋል ብላችሁ ግን አትክፈሉ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከአንድ ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የዋና ትምህርት የመስጠምን አደጋ እንደሚቀንስ ማስረጃ የለም ይላል። ከአንድ ዓመት በኋላ ለብዙ ልጆች ይጠቅማል ይላል፤ ቀድሞ እስከ አራት ዓመት ጠብቁ ይል የነበረውን በ2010 እ.ኤ.አ. አላልቶታል። ሃሳቡን ለመቀየሩ አንዱ ምክንያት በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ነው፦ ከ1 እስከ 4 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ መደበኛ የዋና ትምህርት የመስጠም ዕድልን በ88 በመቶ ከመቀነስ ጋር ተያይዞ ተገኘ። ይህን 88 ማስታወቂያ ላይ ሲያደምቁት ታያላችሁ። ጥናቱ የተሠራው በጥቂት ልጆች ላይ ስለሆነ ትክክለኛው መጠን ከ3 እስከ 99 በመቶ የትም ሊሆን እንደሚችል የሚለውን ክፍል ግን አያደምቁትም። ይጠቅማል? አዎ። ዋስትና ነው? አይደለም።

ይህን የማነሳው ወረቀቱን ያገኘ ልጅ ወላጅ ሲዝናና ስላየሁ ነው። ልጁ ከትምህርት በኋላ በነፃው ሰዓት ገንዳ ውስጥ ይቀራል፣ አባት ወንበር ላይ ስልኩን ይዟል፣ "እሱ እኮ ዋና ይችላል" ነው መልሱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2021 እ.ኤ.አ. ወደ 300,000 ሰው ሰጥሞ ሞቷል፣ ሩብ የሚጠጋው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። የሚሰጥም ልጅ ደግሞ አይጮኽም፣ እጁን አያውለበልብም፤ አፉ ከውሃው በላይ የሚቆይበት ጊዜ ለመተንፈስ እንኳ አይበቃውም፣ እንዴት ይጣራ? ዝም ብሎ ነው የሚሄደው፣ ያውም ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ። ስለዚህ ትንሽ ልጅ ውሃ ውስጥ ሲሆን አዋቂው እጁን ዘርግቶ ሊደርስበት በሚችል ርቀት ላይ ይሁን፣ የፈለገውን ያህል ወረቀት ቢኖረው። ልብሱንም ደማቅ ቀለም ግዙለት፤ ሰማያዊና ነጭ ገንዳ ውስጥ ይጠፋሉ።

ስለ ፍጥነቱ የሚጠይቅ ካለ፣ ጭንቅላትን ወደ ጎን እያዞሩ እየተነፈሱ በእጅ መዋኘት ለብዙ ልጆች የሚመጣው አምስት ስድስት ዓመት ላይ ነው። ትልቋ ልጄ አሁን እየጀመረችው ነው። ትንሹ ገና ብዙ ይቀረዋል፣ በቅርቡም አይደርስበትም፣ ግን ከጠርዝ ወድቆ ዞሮ ግድግዳ ይይዛል። ረጅም እረፍት ካደረጉ ደግሞ ይረሱታል፣ ይህን ጠብቁት። ከእረፍት ስንመለስ ትንሹ ያለችግር የሚሠራውን መንሳፈፍ እንደ አዲስ ነው የጀመረው። ስለዚህ ሁለት ዙር አስተምሮ ለማቆም ያሰበ ሰው በየመሃሉ ገንዳ የሚወስድበት መንገድ ከሌለው ገንዘቡን ቢያስብበት ይሻላል።

ለማን ይሆናል? ልጁ ውሃ የሚፈራበት ወላጅ ያለምንም ጥርጥር ይሂድ። ልጁ አስቀድሞ የሚዋኝና ስልቱን ማስተካከል የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይፈልግ፣ እዚህ ይሰለቸዋል። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ለወረፋውና ለአሰልጣኝ መቀያየሩ ነው። ስትመዘገቡ ክፍሉ ውስጥ ከፍተኛው የልጅ ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ ማካካሻ ሲጨመር ስንት እንደሚደርስ፣ የትልቁ ገንዳ ውሃ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ጠይቁ፣ ፊት ለፊት ከጠየቃችኋቸው ይመልሳሉ። የሥራ ቀን ከሰዓት ከተመቻችሁ ቅዳሜን ተዉት፤ ልጁ ያነሰ ነው፣ ውሃው አይሸትም፣ መልበሻ ክፍሉም ውስጥ ጫማ የምታስቀምጡበት ቦታ ታገኛላችሁ።